የመራጩ ሚስት

«የተቆረጠ ፊልም ነው የሰጠኸኝ!» አለ ከመጋረጃው ወዲያ የቆመው አናጢ። «ወንድማማቾቹ መጨረሻ ላይ መሬቱን እኩል ተካፍለው ይተቃቀፋሉ አላልከኝም? የታለ መተቃቀፉ? ታናሽየው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጣ፣ የሠሩት ሰዎች ስም ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፣ በቃ አለቀ። እኔ ሞኙ ደግሞ ምናልባት ልቡ ይራራ ብዬ ወንድሜን ጠርቼ ነው አብሬው ያየሁት። እሱም እንደ ፊልሙ ብድግ ብሎ ወጣ። በሩን እንኳ አልዘጋውም።»

«ውይ ወንድሜን! የኔ ጥፋት እኮ አይደለም» አለ ባሏ በዚያ የተቆጣን ሰው በሚያስተኛ ለስላሳ አንደበቱ። «እኔማ ሁለቴ ነው ያየሁት፤ ተቃቅፈው ሲላቀሱ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። የምትጭነው የቤቴ ሰው ናት። ቸኩላ ሳያልቅ ፍላሹን ነቅላው ይሆናል። ምን ታደርጋታለህ፣ እጇ ካውያ እንጂ ሌላ አያውቅም። ና ሌላ ልስጥህ፣ በነፃ።»

ሚስቱ ካውያውን ከሸሚዙ አንገትጌ ላይ አንስታ አየር ላይ እንደያዘችው ቀረች። ኮምፒዩተሩን በሕይወቷ ነክታው አታውቅም። ባሏ አቧራውን እንኳ እንድትጠርግለት አይፈቅድም፤ በአንድ ጣት ስህተት የስንት ዓመት ልፋት ድራሹ ይጠፋል እያለ በራሱ መሀረብ ነው የሚወለውለው። ወጥታ «እኔ አልነካሁትም» ልትል አንድ እርምጃ ተራመደች። ከዚያ የካውያው ገመድ ያዛት፣ ሸሚዙም ለከሰዓት የሚፈለግ ነበር፣ አናጢውም እየሳቀ መሄዱን ሰማች። አንገትጌውን እንደገና ተጫነችው፤ ከሚገባው በላይ።

ቤቱ በአንድ መጋረጃ ሁለት የሆነ አንድ ክፍል ነው። የፊቱ ግማሽ ወደ መንገድ የሚከፈት መስኮት፣ ኮምፒዩተር፣ ጉሮሮው የነቃ አንድ ድምፅ ማጉያ፣ በላስቲክ የተሸፈኑ የሚከራዩ አሮጌ መጻሕፍት የተደረደሩበት መደርደሪያ አለው። የኋላው ግማሽ ደግሞ የመተኮሻው ጠረጴዛ፣ የአማቷ አልጋ፣ ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠ ቴሌቪዥንና ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ ገመድ ነው። ገመዱ ላይ ሁልጊዜ የሰው ሸሚዝና የሰው ቀሚስ ስለሚንጠለጠል ቤተሰቡ ውኃ ለመቅዳት እንኳ የማያውቃቸውን ሰዎች ትከሻ በትከሻው እየገፋ ነው የሚያልፈው። በዚህ መስኮት በኩል አንድ ፍላሽ ፊልም ወይም ዘፈን ሞልቶ መስጠት የሚያስገኘው፣ በመጋረጃው በኩል ሁለት ሱሪ መተኮስ ከሚያስገኘው ብዙም አይበልጥም። ግን ሰፈሩ የሚያውቀው መስኮቱን ነው።

ባሏን «መራጩ» ይሉታል። ስሙን የሚያውቁት ወላጅ እናቱ፣ ሚስቱና የውኃ ቢል አምጪው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ደግሞ ቅጽል ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ሰው መስኮቱ ጋ ሲደርስ ፊቱን አይቶ፣ አረማመዱን አይቶ፣ ምን እንደጎደለው የሚያውቅ ይመስላል። የታክሲ ሹፌሩ «እንቅልፍ የሚያባርር ግን ደም የማያፈላ ዘፈን» ሲለው ያንኑ ይሰጠዋል። ባሏ የታመመባት ጎረቤት «ማንም የማይሞትበት፣ ፊደሉ ትልልቅ የሆነ መጽሐፍ» ብትለው ከመደርደሪያው ሳያይ ስቦ ያወጣላታል። ያም ሆኖ ይህ ሰፈር አንድ ክፉ አመል አለው፤ መጨረሻውን ሳያውቅ ፊልም አይወስድም። «ደስ ይላል ወይስ ያሳዝናል?» ነው የመጀመሪያ ጥያቄው። ቀኑን ሙሉ ሲያሳዝነን ለዋለ ኑሮ ሳንከፍለው አዝነናል፣ ማታ ደግሞ ከፍለን አናዝንም ባዮች ናቸው። መራጩም ለእያንዳንዱ ፊልም መጨረሻውን ተርኮ፣ አንዳንዴም ዓይኑን ጠርጎ ነው የሚሸጠው።

ችግሩ መራጩ ፊልም ማየት አይችልም። ዓይኑ ደህና ነው፣ ጤናውም ሙሉ ነው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው የማይሆንለት። ገና ሰዎቹ ስማቸውን ሳይናገሩ እሱ ማውራት ይጀምራል፣ ይነሳል፣ መስኮቱን ከፍቶ መንገደኛ ሰላም ይላል። ስለዚህ ከተጋቡ ብዙም ሳይቆዩ ሥራውን ተከፋፈሉት። «አፍ እኔ፣ ዓይን አንቺ» አላት። እሷ ልብስ እየተኮሰች ታያለች፤ እሱ ሻይ ሊጠጣ ወደ ኋላ ሲመጣ ትነግረዋለች፤ እሱ መስኮቱ ጋ ሄዶ «ሳየው ያለቀስኩበት» ብሎ ይጀምራል። መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ በሷ ቃል ሰው ሲያለቅስ መስማት ደስ ይላት ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ከራሷ አፍ የወጣውን ዓረፍተ ነገር በሌላ ድምፅ መስማት፣ የተኮሰችውን ቀሚስ ሰርግ ቤት ለብሰውት እንደማየት ያለ ነገር ነው።

እሷ ደግሞ የራሷ ችግር አለባት። ከንጋት ጀምራ ቆማ ስትተኩስ ቆይታ፣ ለማጣጠፍ ስትቀመጥ፣ ፊልሙም እግሯም እኩል ግማሽ ላይ ሲደርሱ፣ እንቅልፍ ይጥላታል። እንቅልፍ ቢባል እንቅልፍ አይደለም፤ መብራት እንደማጥፋት ነው። ስትነቃ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ታገኘዋለች። የመጀመሪያው ጊዜ ባሏ ሻዩን ይዞ «እሺ፣ እንዴት አለቀ?» ሲላት ተኛሁ ማለት አፈረች። ከግማሹ ተነስታ መጨረሻውን እሷው ሠራችው። ሁለተኛም ሠራች። ከዚያ በኋላ ለመናገር ጊዜው አለፈባት። የምትሠራቸው መጨረሻዎች ሁሉ የጠፋው የሚገኝባቸው፣ የተጣላው የሚታረቅባቸው ናቸው፤ ደግ ስለሆነች አይደለም፣ ስለደከማት ነው። ሰው ለመግደልም እኮ ጉልበት ይጠይቃል። ቅር ብሎት የሚመጣውን ደንበኛም ባሏ «ፋይሉ ተቆርጦ ነው» ብሎ ይመልሰዋል።

አናጢው በሄደ በጥቂት ደቂቃ ሰዓት ሠሪው መጣ። ድምፁን ታውቀዋለች፤ ከእያንዳንዱ ቃል በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«መራጩ፣ ልጄ መጥታለች» አለ።

«እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ! ያቺ...»

«ያቺው ናት። ሌላ የለኝም።» ጉሮሮውን ጠረገ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ልጅቷ ገና ፊደል ሳትቆጥር እናትና ልጅን ጥሎ ከሌላ ሴት ጋር ሌላ ከተማ ገብቶ፣ ሴትየዋ ስትተወው ብቻውን ወደዚህ የመጣ ሰው ነው። «ለሥራ ጉዳይ ነው የመጣችው። ትናንት አመሻሽ ላይ በሩን አንኳኳች። የዛሬውን አውቶቡስ ትይዛለች። ቁርስ በላን፣ ስለ ሙቀቱ አወራን፣ ስለ ታክሲ ዋጋ አወራን፣ አለቀ። ከዚህ በኋላ ምን እንደምላት አላውቅም። እስክትሄድ ድረስ ሁለታችንንም ወደ አንድ ፊት የሚያስቀምጠን ነገር ስጠኝ። ደግሞ አደራህን፣ መጨረሻው...»

«አለልዎት! ለርስዎ የተሠራ!» አለ መራጩ፤ ሚስቱ ወንበሩ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሰማች፣ ለመተረክ ሲቆም ነው። «ሰውየው ጀልባ ቀዛፊ ነው። ልጁን ትቶ ሄዶ በስተርጅና ይመለሳል። ደጇን ማንኳኳት አፍሮ ከቤቷ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ትንሽ ክፍል ይከራያል። ማታ ማታ መስኮቱ ላይ ፋኖስ ያበራል፤ ሌላ ምንም አይልም። እሷም ታየዋለች፤ ማን እንደሆነ ታውቃለች። ጋሼ፣ መጨረሻውን አይጠይቁኝ!»

«እየጠየቅሁህ ነው።»

«ዝናብ ነው። ፋኖሱ ሳይበራ ያመሻል። እሷ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ ምን ታደርጋለች? ትኩስ ሾርባ በሳህን ይዛ፣ በላዩ ክዳን አድርጋ፣ መንገዱን ተሻግራ ትመጣለች። ምንም አትለውም። ‹ይቀዘቅዛል› ብቻ ነው የምትለው። አልዋሽዎትም፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።»

ሾርባው የሷ ነበር። ክዳኑም የሷ ነው፤ ዝናብ እንዳይገባበት ብላ የጨመረችው። ሰዓት ሠሪው ጉሮሮውን እንኳ ሳይጠርግ «ጫንልኝ» አለ በቀጭን ድምፅ።

እግሩ ከመስኮቱ ሲርቅ ከአልጋው በኩል ደረቅ ድምፅ መጣ።

«አልተሻገረችም።»

ሚስትየው ዞረች። አማቷ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከዚያ አልጋ የሚነሱት ተደግፈው ነው። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ክፍል ውስጥ፣ አንዱን ቴሌቪዥን እያዩ፣ ቀኑን ሙሉ አብረው ይውላሉ፤ የሚነጋገሩት ግን ረጅም መንገድ ጎን ለጎን እንደተቀመጡ መንገደኞች ነው፤ መስኮት ልክፈት፣ መስኮት ልዝጋ። ጠብ የለም። ፍቅርም አለ ማለት ይከብዳል።

«ምን አሉ እማማ?»

«ልጅቷ አልተሻገረችም። መጋረጃዋን ዘጋች። ቆይታ ዕቃዋን ጭና ቤቱን ለቀቀች። ሽማግሌው ባዶ ቤት እያየ ፋኖሱን ሲያበራ ነው የሚያልቀው።» አሮጊቷ ትራሳቸውን አስተካከሉ። «ያናጢውም አልተቆረጠም። እንደዛው ነው።»

«ያዩታል እንዴ እስከ መጨረሻው?»

«እኔ ምን ሥራ አለኝ?»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ አማቷ፤ ምሬትም የለበት፣ እንዲሁ ነገሩን ነው። «እሱ መጥቶ አንቺን ‹እንዴት አለቀ› ይልሻል። እኔን ‹እማዬ ውኃ ልስጥሽ› ነው የሚለኝ። ውኃ ጠጥቼ ዝም እላለሁ።»

ሚስትየው ካውያውን ነቀለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚህ በፊት እዚያ ተቀምጣ አታውቅም ነበር። የሌሎቹን ፊልሞች መጨረሻ አንድ በአንድ ጠየቀች። የአስተማሪዋስ? «ታሰረች።» የዘፋኙስ፣ ድምፁ ተመለሰለት? «ምን ሲደረግ! ጉሮሮውን ተቀዶ ቀረ።» ያ ከወደቡ የጠፋው ውሻ? «እሱስ ተገኝቷል» አሉ አሮጊቷ፣ «እንዲያውም እሱን ማሳመር ነበረብሽ፤ ዝም ብሎ መጣ ነው ያልሽው። ሰውየውን ከውኃ አውጥቶት እኮ ነው።» ሚስትየውን ሳቅ አመለጣት። ይሄ ሁሉ ሰው፣ ይሄ ሁሉ ፍላሽ። ስንቱ ሰው በሷ እንቅልፍ ተማምኖ ዘመድ ጠርቶ ይሆን? የአናጢው አልፏል። የሰዓት ሠሪው ግን ገና ነው፤ ምሳ በልተው ነው የሚያዩት።

መራጩ ዳቦና ሻይ ሊቀምስ ወደ ኋላ ሲመጣ ነገረችው። ስትናገር የሰው ሱሪ እያጠፈች ነበር፤ ዓይኑን ላለማየት።

«እንቅልፍ ይወስደኛል።»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ።»

«ሁልጊዜ ማለት...» ዳቦውን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተራ በተራ ሲያልፍ ታያት። ሹፌሩ፣ ነርሷ፣ የቤት ኪራይ ሰብሳቢው። ይጠላኛል ብላ ጠበቀች፤ እሱ ግን ፈርቶ ነበር። «ታዲያ ምን ይሁን? ሰው ፊልም አይቶ አይሞትም።»

«ሰውየው ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ሾርባ ነው የሚጠብቀው። እሄድና እነግረዋለሁ።»

«ምን ብለሽ? ‹መራጩ ፊልም አያይም፣ ሚስቱም ተኝታ ነው የምታይለት› ብለሽ? ነገ ጠዋት ይሄን መስኮት ማን ያንኳኳዋል? የምንበላው በአፌ ነው፤ አፌን አትዝጊብኝ!»

«አፍህ ጠዋት እኔን ሲከስ ሰምቼዋለሁ።»

መራጩ የዳቦውን ፍርፋሪ በጣቱ ሰበሰበ። ዝም ሲል ዕድሜው ይታያል። «እሱ እኮ... ለደንበኛ የሚባል ነገር ነው» አለ። «አንቺን ማለቴ አይደለም።» እናቱ ከአልጋው ላይ ጣሪያውን እያዩ ነበር። መስኮቱ ላይ አንድ ሰው በሳንቲም አንኳኳ፣ መራጩም አዳኝ እንደመጣለት ሰው ብድግ ብሎ ሄደ።

የሚመለሱትን ልብሶች በአንድ አንሶላ ጠቅልላ ተሸከመች፤ መውጣቷን ማንም አይጠይቃትም፣ ልብስ ልታደርስ ነው። መስኮቱ ጋ ስትደርስ መራጩ ሳያያት፣ እጁን ብቻ ዘርግቶ አንድ ፍላሽ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ገፋላት። «አስቂኝ ነው» አለ ወደ ኮምፒዩተሩ እንዳፈጠጠ። «ፋይሉ ተበላሽቷል በይውና ለውጪለት። ሌላ ምንም አትበይ።» አስቂኙንም እስከ ግማሹ ብቻ ነበር ያየችው።

ሙቀቱ አስፋልቱን አልፎ በጫማዋ ስር ይገባል። በአንድ እጇ ጥቅሉን አቅፋ፣ ሌላውን ግንባሯ ላይ ጋርዳ፣ በሱቆቹ ጥላ ተጠግታ ሄደች። የሒሳብ ሠራተኛዋን ቀሚስ ለዘበኛ ሰጠች። ሸሚዙን ያዘዘው ሰው አንገትጌውን ወደ ብርሃን አዙሮ «እዚህ ጋ ትንሽ ቢጫ ሆኗል» አላት፤ እውነቱን ነበር፣ ጠዋት ባሏን የተቆጣችው በዚያ አንገትጌ ላይ ነው። ግማሽ ዋጋ ሰጣት፣ አልተከራከረችም። መንገዱ ዳር አንድ አግዳሚ ላይ ልትቀመጥ አሰበችና ተወችው፤ ከተቀመጠች እንደማትነሳ ታውቃለች። ስትራመድ የምትለውን ታዘጋጅ ነበር፤ ፋይሉ ተበላሽቷል፣ ጋሼ ይቅርታ፣ ይሄ ይሻልዎታል። ቀላል ነው። ባሏ ቢሆን ሲናገረው ያስቅበታል።

ሰዓት ሠሪው የሚኖረው ከአንድ ጠባብ ደረጃ በላይ፣ የመጨረሻው በር ነው። ግድግዳው በሙሉ ቀጭ ቀጭ በሚል ሰዓት የተሞላ ቤት ጠብቃ ነበር፤ አንድም ሰዓት የለም። ቀኑን ሙሉ የሰማውን ማታ መስማት የማይፈልግ ሰው ቤት ነው፤ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ፣ ሁለት ብርጭቆ ብቻ ያለው። መጋረጃው ተጎትቶ ክፍሉ ጨለም ብሏል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ጀልባው እየሄደ ነበር። ጀምረውታል።

«የመራጩ ባለቤት! ግቢ፣ ግቢ!» አለ ሰዓት ሠሪው፤ ሦስተኛ ሰው በማግኘቱ ፊቱ በራ። «ልጄ፣ ተዋወቂያት፤ ይሄን ፊልም የሰጠኝ ሰው ሚስት ናት።»

ልጁ ከተቀመጠችበት ግማሽ ተነስታ እጇን ሰጠች። ሠላሳውን ያለፈች፣ ፀጉሯን አጥብቃ ያሰረች ሴት ናት። ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው፤ ሹራቧን ለብሳ፣ ጫማዋን አስራ፣ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ እንዳለ ሰው ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ ፋይሉ...» አለች ልብስ ተኳሿ። «ፋይሉ ተበላሽቷል። ሌላ አምጥቻለሁ።»

«ኧረ ምን ተበላሽቶ! ይኸው ጥርት ብሎ ይሄዳል። ነይ ተቀመጪ፣ ላብሽ እየወረደ ነው።»

«ባይሆን ይሄኛው ያስቃል...»

«መሳቅ ማን ጠየቀ?» አለ ሰዓት ሠሪው በቀስታ፤ ከዚያ ልጁ እንዳትሰማ ወደ ተኳሿ ጎንበስ ብሎ «መጨረሻውን እየጠበቅሁ ነው» አላት። ትንፋሹ ሻይ ሻይ ይሸታል። ዓይኑን ስታይ ያዘጋጀችው ሁሉ ከአፏ ላይ ጠፋ። በልጅቷ ፊት ‹አትሻገርም› እንዴት ይባላል? ትንሽ ቆይታ፣ ልጅቷ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ለብቻው ትነግረዋለች። ወንበሩን ሳበላት፤ አሮጌ ነው፣ ግን ትልቅ ትራስ አለበት፣ እጀታም አለው። ከጠዋት ጀምሮ ያልተቀመጠ ሰውነቷ ወደ ትራሱ ሲገባ ጉልበቷ ላይ አንድ ነገር ተፈታ። ስክሪኑ ላይ ሽማግሌው ክፍሉን ይከራያል። ፋኖሱን ይገዛል። አሁን እነግረዋለሁ አለች በልቧ። የፊልሙ ልጅ መስኮቷን ከፈተች፣ ብርሃኑን አየች...

ስትነቃ ስክሪኑ ጥቁር ነበር።

ትከሻዋ ላይ ሹራብ ተደርቦላታል። ልጅቷ ሄዳለች ብላ ዙሪያዋን ቃኘች። ከዚያ ልጅቷን አየቻት፤ ፊት ለፊቷ መሬት ላይ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ዓይኖቿ አብጠዋል። ሰዓት ሠሪው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሟል፤ የሱም ፊት ድብድብ የገባ ሰው ፊት ነው።

«ነቃች» አለች ልጅቷ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ተኳሿ ለመነሳት እየታገለች። «እኔ ነኝ። ባሌ አላየውም፤ እሱ ምንም አያይም። የማየው እኔ ነኝ፤ እኔም ግማሹ ላይ እተኛለሁ። ሾርባውን ያመጣሁት ከራሴ ነው።»

«የምን ሾርባ?» አለች ልጅቷ።

«ለሷ አልነገርኳትም» አለ ሰዓት ሠሪው። ጉሮሮውን ጠረገ፣ አልጠረግ አለው። «መጋረጃዋን ስትዘጋ ተነስቼ ጮህኩ። ‹ተቆርጧል! አሁን ልትሻገር ነው፣ ቆርጠውታል!› አልኩ። እሷ ደግሞ...»

«‹ምን ተቆርጧል፣ ለምን ትሻገራለች?› አልኩት» አለች ልጅቷ። «‹እሱ አይደለም እንዴ ጥሎ የሄደው? እሱ መጥቶ ያንኳኳ! ፋኖስ ማብራት ምን ይባላል?› ከዚያ ተጣላን። በቃ፣ ያልተባባልነው የለም። የእናቴን ሞት ሳይቀር።» በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ከዚያ ሳይታሰብ ከንፈሯ ዳር ሳቅ መጣ። «አንቺ ግን! ጣሪያው እስኪነሳ ስንጮህ ንቅንቅ አላልሽም። መሃል ላይ እሱ ‹ዝም በይ እስቲ፣ ይቺ ሴትዮ ትተነፍሳለች?› አለኝ። ጠቡን አቁመን ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ትንፋሽሽን አዳመጥን።»

«ታንኮራፊያለሽ» አለ ሰዓት ሠሪው።

«በጣም» አለች ልጅቷ። «ከዚያ ወደ ጩኸቱ መመለስ አልቻልንም። ቀስ ብለን ማውራት ጀመርን፤ እንዳንቀሰቅስሽ።»

ተኳሿ የምታደርገው ጠፍቷት ሹራቡን ማጠፍ ጀመረች፤ እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ ጎኑን በጎኑ፣ እንደ ሥራዋ። ምን ተባባላችሁ ብላ አልጠየቀችም። አልታረቁም፤ ይሄ ያስታውቃል። ልጅቷ አባቷን አንዴም «አባባ» ስትል አልሰማችም፣ እሱም አጠገቧ ለመቀመጥ አልደፈረም። አውቶቡሱ ግን ሄዷል። ነገ ሌላ አለ፣ አለች ልጅቷ፣ ነገ እሄዳለሁ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር አድርጋ።

ወደ ቤት ስትመለስ ፀሐይዋ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ገብታ መንገዱ ግራጫ ሆኖ ነበር። እግሯ ያው ነው፣ ከባድ ነው፤ እንቅልፉም አላሳረፋት። የሷ ሾርባ አስፈላጊ አለመሆኑ ትንሽ ቅር ብሏታል፤ እውነቱን ለመናገር ከፊልሙ የሷ መጨረሻ ይሻላል ብላ ታምን ነበር። መራጩ መስኮቱን ግማሽ ከድኖ በሩ ላይ ይጠብቃት ነበር።

«ለወጥሽለት?»

«አይ። ነገርኩት።»

«ምን ብለሽ?»

«እውነቱን፣ እንዳለ።»

መራጩ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ሊጮህ አፉን ከፈተ። ከውስጥ እናቱ ሳሉ። «ታዲያ... ምን አለ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ታንኮራፊያለሽ አለኝ።»

ሌላ ሊጠይቃት ነበር፤ ግን አንድ የፋብሪካ ጥበቃ ወደ ሌሊት ተራው ሲሄድ በመስኮቱ በኩል ብቅ አለ፤ ኮቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ፍላሹን በጣቶቹ መሃል እያሽከረከረ። «መራጩ! ምን ጥሩ ነገር አለ? ደግሞ እንዳታስለቅሰኝ፣ ብቻዬን ነኝ።»

መራጩ ወደ ወንበሩ ሄደ። ተቀመጠ። ጠዋት ለአናጢው የደገመውን፣ ለሰዓት ሠሪው የተረከውን ያንን አንደበት ከየት እንደሚያመጣው እየፈለገ ስክሪኑን አየ፣ መደርደሪያውን አየ። ከዚያ በሩ ላይ ባዶ አንሶላዋን እንደያዘች የቆመችውን ሚስቱን አየ።

«እሷን ጠይቃት» አለ። «የምታየው እሷ ናት።»

ጥበቃው እንደ አዲስ ሰው ዞሮ አያት። ሴትየዋን በዚህ መንገድ ሲያልፍ ስንት ጊዜ አይቷታል፤ ሸሚዙንም ትተኩስለታለች።

«ይሄ ያስቃል የሚባለው» አለች፤ ፍላሹ ገና በእጇ ነበር፣ ሞቆባታል። «እስከ ግማሹ ጥሩ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ነገ ስትመለስ አንተ ትነግረኛለህ።»